«ለስምንት ዓመት ልጅ ምን አለህ?»

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ወጣት አለ። ለክረምት እንደመጣሁ የወንድሜን ልጅና የራሴን ልጅ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። «ለስምንት ዓመት ልጅ ምን አለህ?» አልኩት። «ለሕፃን ነው እህቴ? ሞልቷል» አለና ሦስት ነገር አነሳልኝ። የፊደል ገበታ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነሥዕላቸው የተደረደሩበት ቀጭን መጽሐፍ። የወንድሜ ልጅ ሦስቱንም አየና ፊቱን አዞረ። ፊደል ከቆጠረ ቆይቷል። ማባዣውንም በቃሉ ይወጣዋል። እሱ የፈለገው ታሪክ ነው።

በሻጩ አልፈረድኩም። ለልጅ መጽሐፍ ብሎ የሚመጣው ወላጅ ሁሉ «ለትምህርቱ የሚረዳው ስጠኝ» እንደሚለው ነገረኝ። እሱም የሚጠየቀውን ያመጣል።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው። ልጄ ስድስት ዓመት ሲሞላት ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳት። የልጆች ክፍል ሠራተኛዋ ቁጢጥ ብላ ከልጄ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየች። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም። ልጄን ግን «መጨረሻ ያነበብሽውና የወደድሽው መጽሐፍ የቱ ነው? ምኑ ደስ አለሽ? ስላሳቀሽ ነው ወይስ ስላስፈራሽ?» አለቻት። መልሱን እስክትጨርስ ሰማቻት። ከዚያ ተነስታ አራት መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ሞክሪያቸው። ያልጣመሽን መልሽው» አለቻት። አንድ ዘዴም አስተማረቻት። አንድ ገጽ ስታነቢ የማታውቂው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት አንሺ። አምስት ጣት ከሞላ ለጊዜው ይከብድሻል፣ ይቆይሽ።

ከአራቱ ሁለቱ ኮሚክ ነበሩ፣ ታሪኩ በሣጥን በሣጥን በተደረደረ ሥዕል የሚተረክባቸው። እኔ ደስ አላለኝም። ባደግኩበት ቤት ሥዕል ያለው መጽሐፍ የሕፃን ነው። ልጅ ከፍ ሲል ሥዕሉን ትቶ ወደ ጽሑፍ ይገባል። «ይሄማ ሥዕል ብቻ ነው፣ ደህና መጽሐፍ ውሰጂ» አልኳት። ተሳስቼ ነበር። አብሬያት ማንበብ ስጀምር ነው የገባኝ። ኮሚክ የሚያነብ ልጅ ሁለት ነገር ባንዴ ያነባል። ገጸ ባሕርዩ በአፉ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ፊቱ ላይ ግን እንባ ቀርቧል። የትኛውን እንደሚያምን የሚወስነው ልጁ ነው። በአንዱ ሣጥንና በሚቀጥለው መካከል የሆነውንም ልጁ ራሱ ይሞላዋል።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህንን የተቀበሉት በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጥ ኒውበሪ የሚባል ትልቅ ሽልማት አላቸው። ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም በኮሚክ መልክ የተሠራ ረጅም ታሪክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2020 ነው፣ የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ»። አንድ ጥቁር ልጅ ነጮች የበዙበት የሀብታም ትምህርት ቤት ገብቶ የሚገጥመውን ይተርካል። ውጭ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ አሥር ዓመት አካባቢ ከሆነ ይህን ስጡት። አብራችሁም አንብቡት። «ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ስትሉት «ደህና» ብሎ የሚያልፋችሁን ነገር ገጹ ላይ እያሳየ ይነግራችኋል። የኔ ልጅ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ቢሆንም እንዲያ ነው ያደረገችው።

እዚያ ሁሉ ሞልቷል እያልኩ ግን አይደለም። ልጄ የአማርኛ ፊደል አታነብም። አያቷ ተረት ስትነግራት ግማሹ ያመልጣታል። የወንድሜ ልጅ በበኩሉ የእንግሊዝኛ ታሪክ ያነባል፣ አማርኛውን ግን የሚከፍተው ለፈተና ብቻ ነው። በአማርኛ ስቆ፣ በአማርኛ ፈርቶ መጽሐፍ የዘጋበትን ቀን ጠየቅሁት። አላስታወሰም። ይህ አንጀቴን በላው። እኔ በሱ ዕድሜ ቢያንስ አባባ ተስፋዬ ነበሩልኝ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን እንቀመጥ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ የአገሩን ልጅ ሁሉ ተረት አጥግበውታል።

ከመጽሐፍ ሻጩ ተነስተን የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ስንወጣ አንድ የባህል ዕቃ ሱቅ ጋ ልጆቹ ቆሙ። ግድግዳው ላይ የንግሥተ ሳባ ታሪክ የተሳለበት ሸራ ተሰቅሏል። ታውቁታላችሁ፣ በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው፣ ከየሣጥኑ ሥር አንዳንድ መስመር አማርኛ ያለበት። ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን አለው። የወንድሜ ልጅ ጣቱን ከሣጥን ሣጥን እያሻገረ ያነብላት ጀመር። ዘንዶው ሕዝቡን ሲያስጨንቅ። አጋቦስ ፍየሏን መርዝ ሲያበላ። ዘንዶው ፍየሏን ውጦ ሲሞት። ልጄ ፊደሉን አታውቅም፣ ሥዕሉን ግን ታነባለች። አንዳንዴ እሷ ቀድማው ትሄድና «ቆይ፣ ገና ነው!» ይላታል። ባለሱቁ ወንበር አወጣልኝ። እዚያ ቆመን ሃያ ደቂቃ ያህል ሆነን።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሸራ ሥር አልፌያለሁ። ለቱሪስት የሚሸጥ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ኮሚክ ነው እኮ! የአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳም፣ የብራና መጻሕፍቱም ታሪክን በሥዕል ሲያስነብቡ ኖረዋል። «ሥዕል የሕፃን ነው» የሚለውን አመለካከት ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። ከአባቶቻችን ግን አይደለም።

ታዲያ በአማርኛ ለልጅ ምን እንስጠው? ትንሽ ነው ያለው፣ ግን አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። እዚያ ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ያጣሉ። የቂሉን ማሞ ተረት በሥዕል አድርገው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ቀጥለውም እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሲያትል ያለው «ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ» የሚባል ድርጅት ደግሞ በእንግሊዝኛና በአገራችን ቋንቋዎች ቀጫጭን የሥዕል መጻሕፍት ያሳትማል። ለኔ ዓይነት ቤት የተሠሩ ናቸው። ልጄ እንግሊዝኛውን፣ የአጎቷ ልጅ አማርኛውን፣ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን። ለታዳጊ ደግሞ «ጀምበር» የሚባል ኮሚክ አለላችሁ። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያወጣው ነው። ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ልዩ ኃይል ያገኛል። የሰፈራችን ልጅ ጀግና ሲሆን ማየት ምን እንደሚያደርግ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላላችሁ መንገር አያስፈልገኝም።

ለምን አነሱ ለሚለው አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ገጽ በቀለም ይታተማል፣ ሠዓሊም ይከፈለዋል። ወረቀቱ ከውጭ ይመጣል። አሳታሚው በዚያው ወጪ ለትልቅ ሰው ወፍራም ልቦለድ ማውጣት ይቀለዋል። ይህ ይገባኛል። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ያሉትንም ጥቂቶች «ይሄ ላንተ ነው» ብሎ ለልጁ የሚያቀብል ሰው የለም።

ገንዘብ ከሌለ አራት ኪሎ ሂዱ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆችም ቦታ አለው። ልጆቹን ወስጄ ነበር፣ እስኪመሽ አልወጣም አሉኝ። ስትሄዱ ግን ልጁን አስገብታችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ደጅ አትቀመጡ። አብራችሁት ግቡ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ አውጥታችሁ ፊቱ አስቀምጡና የትኛውን እንደሚያነሳ ተመልከቱ። አንዱን ሦስት ጊዜ ካነበበም ተዉት። እኛም አንዱን ተረት ስንት ጊዜ ድገሙልን ብለን አድገናል።

ማታ እናቴ ቤት የዚያችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጥያቄ የወንድሜን ልጅ ጠየቅሁት። «እስከዛሬ ከሰማሃቸው ታሪኮች የቱ ደስ አለህ?» ብዙም አላሰበ። «አያቴ የምትነግረኝ የጅቡ። ጅብና አህያ ያለበት።» «ምኑ?» «ጅቡ ሲዋሽ ያስቃል።»

በማግስቱ ተመልሼ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አማርኛ ያነባል፣ ውሸታም ጅብ ይወዳል፣ ሥዕል ቢኖረው ጥሩ ነው አልኩት። ከልቡ ሰማኝ። ስልኬን ከመጽሐፍ ጀርባ በተቀደደች ወረቀት ላይ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ይደውላል ብዬ አልጠበቅሁም።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ባለመጽሐፉ። ያ ልጅ አብሮሽ አለ? አንድ አግኝቼለታለሁ። ትንሽ አሮጌ ነው። ጅብ ግን አለበት።»