ሉፕ ለማስወጣት ልመና አያስፈልግም

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ኢትዮጵያውያት 27 ከመቶዎቹ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ሲጠቀሙ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን መከላከያ፣ ሉፕን፣ የሚጠቀሙት 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሉፕ ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይገባል፣ ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ይሠራል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ለምትሠራ ወጣት በየሦስት ወሩ ለመርፌ ብሎ ፈቃድ ከመጠየቅ ያሳርፋታል።

«ወደ ልብ ይወጣል የሚል ወሬ ሰምተው ነው» እየተባለ ጥፋቱ በሴቶቹ ላይ ይደፈደፋል። ወሬው አለ፤ ሐሰትም ነው። በእኛ እምነት ግን ከወሬው የሚብሰው «አልስማማ ቢለኝ ማን ያወጣልኛል?» የሚለው ስጋት ነው። «ትንሽ ታገሺ»፣ «ባልሽ ያውቃል?» እየተባለች የተመለሰች አንዲት ሴት ለጎረቤቶቿ የምታወራውን የትኛውም ፖስተር አያስተባብለውም።

አገባቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ሉፑ መዳብ የተጠመጠመበት፣ 36 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የቲ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው። አዋላጇ መጀመሪያ በእጇ መርምራ ማህፀኑ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ ያዘነበለ ትለያለች። ይህ ሲዘለል የማህፀን ጥልቀት መለኪያው በተሳሳተ አቅጣጫ ይገባና ማህፀን ሊበሳ ይችላል፤ መበሳት በጠቅላላው ሉፕ ከሚገባላቸው ከ1000 ሴቶች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ያጋጥማል። የማህፀን በሩ በፀረ ተሕዋስያን ይጠረጋል፣ ቴናኩለም በሚባል መያዣ መሣሪያ ይያዛል፣ ጥልቀቱ ይለካል፤ በማስገቢያው ቱቦ ላይ ያለው ምልክትም በዚያው ልክ ይስተካከላል። ክንዶቹ በቱቦው ውስጥ ታጥፈው ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆዩ በደንብ ላይዘረጉ ስለሚችሉ፣ ሉፑ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ሌላው ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ለጀማሪ ደጋግመን የምንነግረው ደግሞ ይህን ነው፦ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘንግ አይገፋም። ዘንጉ ባለበት ይያዛል፤ ቱቦው ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሉፑ ራሱ ይዘረጋል። ከሉፑ ጋር የተያያዘው ክር ከማህፀን በሩ ውጭ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል።

ለወለደች እናት በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገባላት ይችላል። ያ ካለፈ 4 ሳምንት ይጠበቃል። ከወሊድ በኋላ ወዲያው የገባ ሉፕ ተንሸራቶ የመውጣት ዕድሉ ስለሚጨምር ከሳምንታት በኋላ መታየት አለበት።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ሳይደብቁ መናገር ግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት የወር አበባ ይበዛል፣ ቁርጠትም ይኖራል። የጨጓራ ሕመም ለሌለባት 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን ይረዳል። ቀድሞም ደም ማነስ ላለባት ሌላ ዘዴ ሊሻላት ይችላል። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ ስለማይከላከል ኮንዶም አይቀርም። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ማስወጣት ደግሞ ከማስገባቱም ይቀላል፤ ክሩን ፎርሴፕስ በሚባል መቆንጠጫ ይዞ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ ሉፕ የሚያስገባ ጤና ጣቢያ ሁሉ ሴቲቱ በጠየቀችበት ቀን፣ ምክንያት ሳያስቆጥር ያውጣላት። ይህንንም ከመግባቱ በፊት ይንገራት። ክሩ ካልታየ እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ በማህፀን በር ቦይ ውስጥ ይፈለጋል፣ ካልተገኘ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሉፑ እንደወጣ ወዲያውኑ ማርገዝ ስለሚቻል፣ ልጅ የማትፈልግ ሴት ሌላ ዘዴ ሳትይዝ ከክፍሉ አትውጣ።