ቋሚ የሳተላይት ስልክ ለመሃል አዲስ አበባ ቢሮዎች፦ መጠባበቂያ ወይስ ጌጥ?

የክርክሩ ርእስ፦ «በመሃል አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ማንኛውም ድርጅት በቢሮው ውስጥ ቋሚ የሳተላይት ስልክ ሊኖረው ይገባል።» ደጋፊው የኮሙኒኬሽን መሐንዲስ ናቸው። ተቃዋሚዋ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የግል ኩባንያ የግዥና ፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል።

መሐንዲሱ

ዕቃውን ሳያዩ «ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች ስለበዙ ከዕቃው ልጀምር። ቋሚ የሳተላይት ስልክ ስንል በረሃ ውስጥ ያለ ሰው ወፍራም አንቴናውን ዘርግቶ የሚያወራበት ቀፎ ማለታችን አይደለም። ቀፎው ሰማይ ማየት ስላለበት ቢሮ ውስጥ ብዙም አይረባም። ቋሚው ግን አንቴናው ጣሪያ ላይ ይታሰራል፣ ኬብሉ ወርዶ ውስጥ ካለው ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኑ ላይ ተራ የጠረጴዛ ስልክ ወይም የቢሮው የስልክ ማዞሪያ ይሰካል። ጸሐፊዋ በሳተላይት እየደወለች መሆኑን ላታውቅ ትችላለች።

ለዚህ ከተማ ደግሞ ተፈጥሮ አድልታለች። የሳተላይት ስልክ አገልግሎት የሚሰጠው የቱራያ ኩባንያ ሳተላይት 44 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ 38.7 ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ አንቴናው ወደ አናት ሊባል በሚችል አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ አጠገቡ ሌላ ፎቅ ቢበቅልም በቀላሉ አይጋረድም። ኢሪዲየም የተባለውን ሌላ ኔትወርክ የመረጠ ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ 66 ሳተላይቶች አሉለት። ሁለቱም የሚጠቀሙበት የሞገድ ክልል ዝናብ እምብዛም አይነካውም፤ የሐምሌ ዶፍ የቴሌቪዥን ዲሽ ላይ የሚያደርሰው መቆራረጥ እዚህ የለም።

ለምን ያስፈልጋል? ፋይበሩም ሞባይሉም የቆሙት በአንድ መሬት ላይ ስለሆነ ነው። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ መንገዱ ሲቆፈር ኤክስካቫተር የበጠሰው ኬብል ቢሮውን ያለ መስመር ሲያስውለው ያላየ ሰው መሃል ከተማ አልሠራም። «አሁን እኮ ሁለት የቴሌኮም ኩባንያ አለ» ይሉኛል። ሁለት ኩባንያ ማለት ሁለት መንገድ ማለት አይደለም፤ አንዱ ከሌላው የኔትወርክ ማማ ይከራያል፣ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አነሣ፤ እኔም አነሣሁ፤ የሰማሁት «መስመሩ ተይዟል» የሚለውን ብቻ ነው።

ሥራውም ቀላል ነው። አንቴናውን አስረው፣ ምድር ማገናኛውን አስተካክለው፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ ረስተውት መኖር ይችላሉ።

ኃላፊዋ

ኢንጂነር፣ እናመሰግናለን። ስለ ዲግሪውና ስለ ሞገዱ አልከራከርዎትም፤ እኔ የማነበው ደረሰኝ ነው። ነገር ግን የመጨረሻዋ መስመርዎ ላይ ዓይኔ ቆመ። «ረስተውት መኖር ይችላሉ።»

እኔ የምፈርምበት መጋዘን በተረሱ ዕቃዎች የተሞላ ነው። መብራት ሲጠፋ ነዳጅ የሌለው ጄኔሬተር አለ። ቀኑ ያለፈበት የእሳት ማጥፊያ አለ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ያነሣ ዩፒኤስ አለ። ሁሉም ሲገዙ መጠባበቂያ ተብለው ነው፤ ሁሉንም የሸጠልን ሰው «አያሳስባችሁ» ብሎናል። የእርስዎ ሳጥንም ባትሪ አለው። ሲም ካርድ አለው፤ ቅድመ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ካልተሞላ የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል። ወርሐዊ ከሆነ ተደወለም አልተደወለም በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር የት እንደደረሰ ለእርስዎ አልነግርም። የተረሳ ነገር በየወሩ የውጭ ምንዛሪ ሲበላ እኔ ነኝ ኦዲተር ፊት የምቆመው።

አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩኝ፦ ኔትወርኩ በሙሉ ሲወድቅ ለማን ነው የምደውለው? የአራት ኪሎው ቅርንጫፋችን ስልክም አብሮ ወድቋል እኮ።

መሐንዲሱ

እኅቴ፣ «ረስተውት» ያልኩት በየቀኑ እንክብካቤ አይፈልግም ለማለት ነው። አንድን ሐረግ ከአውዱ ነጥሎ ጄኔሬተር ውስጥ መክተት ክርክር አይሆንም። ነዳጅ ያልተሞላው ጄኔሬተር የጄኔሬተሩ ጥፋት ነው?

ለማን ይደወላል ላሉት መልሱ ቀላል ነው። ቅርንጫፉም አንድ ይኖረዋል። ከአንድ የሳተላይት ኔትወርክ ወደዚያው ኔትወርክ ሲደወል የአገር ውስጥ ማማም ኬብልም አይነካም። ውጭ አገር ያለ ባንክ፣ አቅራቢ፣ የመድን ድርጅት ጋር ደግሞ በቀጥታ ይደወላል። ድሬዳዋና ሐዋሳ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ዋና ቢሮው ሲዘጋ እነሱ መመሪያ የሚጠብቁት ከየት ነው? ከሰማይ ነው።

ኃላፊዋ

በመጀመሪያ፣ እኅትዎ አይደለሁም። በዚህ ከተማ የሥራ ልምዴን የሚያውቅ ሰው በማዕረጌ ይጠራኛል፤ እኔም «ኢንጂነር» ያልኩዎት ለዚህ ነው።

ርእሱ «በቢሮው ውስጥ አንድ» ነበር። አሁን ቅርንጫፉም አንድ፣ ድሬዳዋም አንድ፣ ሐዋሳም አንድ ሆነ። በሚቀጥለው ዙር ለእያንዳንዱ ሾፌር እንዳይደርስ እሰጋለሁ። አንዱን ብቻ የገዛ ድርጅት ምን እንደሚገጥመው ደግሞ እርስዎ ዘለሉት፤ እኔ ልንገር። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በቱራያ ብደውል ጥሪዬ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሻርጃ ባለው የምድር ጣቢያ ወርዶ፣ ከዚያ በዓለም አቀፍ መስመር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፣ ፒያሳ ያለውን ያንኑ የወደቀ ኔትወርክ ያንኳኳል። በእግሬ ብሄድ እቀድመዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ ደግሞ ስለ ፈቃድ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ ቦሌ የሚወርድ እንግዳ ዕቃው እንደሚያዝበት ሁሉም ያውቃል። አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትንም መጠቀምንም ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ እስራት ነው። ታዲያ ሕጉን ረስተውት መኖር ይቻላል?

መሐንዲሱ

እንግዲህ «ረስተውት» የምትለዋ ቃል መቃብሬ ላይ ትጻፍልኝ።

ጥያቄዬ ግን እስካሁን አልተመለሰም። ፋይበሩ ሲበጠስ የእርስዎ ኩባንያ ምን ያደርጋል? ስለ ደረሰኝ፣ ስለ መጋዘን፣ ስለ ማዕረግ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ተበጠሰው ኬብል ግን ዝም ነው።

ደግሞስ ነገሩ ስልክ ብቻ ነው ያለው ማነው? ዳታም አለ። የድሮው የኢሪዲየም መስመር በሰከንድ 2.4 ኪሎ ቢት ብቻ ነው፤ አልዋሽም፣ ቀርፋፋ ነው። ቢጋን የሚባለው የኢንማርሳት ኩባንያ የሳተላይት ዳታ አገልግሎት ግን እስከ 492 ኪሎ ቢት ይሄዳል። አንድ የካርድ ክፍያ መልእክት ጥቂት መቶ ባይት ነው። አንድ ባንክ ወይም ሆቴል ቀኑን ሙሉ በዚህ ጠባብ መስመር ክፍያ ሲያስተናግድ መዋል ይችላል፤ ጎረቤቱ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ስንቆይ የጥሬ ገንዘብ ሰልፉን ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ኃላፊዋ

ኢንጂነር፣ ምሳሌውን ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ እኔ ላነሣው ነበር። በሰኔ 2012 የወደቀ ኬብል አልነበረም። ኢንተርኔቱ የተዘጋው በመንግሥት ነው፤ የድምፅ ስልክ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ስልክዎ ለጥሪ አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው ለዳታው ነው። የዳታውን ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ኢንተርኔቱን ከዘጋው መንግሥት ሌላ ፈቃድ ሰጪ ካወቁ ይንገሩኝ። እንዲህ ባለ ቀን ሣጥኑን አብርቶ የሚሠራ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ አይበቃውም፤ ጠበቃም ያስፈልገዋል።

492 ኪሎ ቢቱም የሚያስደስት ቁጥር ነው፤ ከመስመሩ ጀርባ ማን እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ። የቢሮአችን ኮምፒውተሮች ራሳቸውን ማሻሻል ሲጀምሩ ማንንም አይጠይቁም። ሠራተኛው ቴሌግራሙን አይዘጋም። በሜጋባይት የሚቆጠር የዶላር ሒሳብ ላይ ይህን ለቆ «ረስተውት መኖር» ማለት፣ ይቅርታ፣ ቃሉ እንደገና መጣ፣ የወሩን ደመወዝ ሰማይ ላይ መበተን ነው።

እኔ መሣሪያው አይኑር አላልኩም። ለጥቁር አንበሳ ይኑር፣ ለደም ባንክ ይኑር፣ ለእሳትና አደጋ ይኑር። ሰው የሚሞትበት ቦታ ይሁን። ቆርቆሮ የሚያስመጣ ድርጅት ግን ሁለት ቀን ስልክ ባይኖረው ቆርቆሮው አይዝግም።

መሐንዲሱ

ይኸው መጣን። «ቅንጦት» የነበረው አሁን ለሆስፒታል ይገባል ተባለ። እንግዲህ የምንከራከረው ዕቃው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ አይደለም፤ ማን ይያዘው በሚለው ላይ ነው። ደስ ይለኛል። ስለ ኮምፒውተሮቹም ከሣጥኑ በፊት የሚያጣራ መሣሪያ ይገባል፤ የክፍያ መልእክት ብቻ ያልፋል፤ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፈቃዱን በሚመለከት እኔ ማመልከቻ ይዤ የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ጊዜ የሚወስደው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በር ላይ ብቻ ነው ብለው ካሰቡ የራስዎን ክፍል አላዩትም። ፈቃዱን ስጨርስ ግዥ ክፍል «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ»፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ አምጣ፣ ይለኛል። በዚህ አገር ፈቃድ ኖሮት ይህን ዕቃ የሚያቀርበው ስንት ነጋዴ ነው? ሦስተኛውን ፕሮፎርማ ከሻርጃ ላምጣ? ዋጋው ሲጸድቅ ምንዛሪው ይቀየራል፤ እንደገና ሦስት ፕሮፎርማ። ከዚያ አገልግሎት ላይ ሳይውል ሲቀር «ይኸው፣ መጋዘን ገባ» ይባላል። መጋዘኑን የሚሞላው ማነው?

የሙከራ ጥሪ በየሰኞ ጠዋት ይደወል ብዬ ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራለሁ። ሣጥኑም ምድር ቤት ካለው የሰርቨር ክፍል ይልቅ ላይኛው ፎቅ ላይ ይሁን እላለሁ፤ ኬብሉ ሲረዝም ምልክቱ ይደክማል። የሚሰማኝ ጥቂት ነው።

ኃላፊዋ

ሦስት ፕሮፎርማ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የግዥ ደንብ ነው። ሁለት ብቻ ይዞ መጥቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ አቅራቢን መልሼ አላውቅም። የሚበዛው ግን ማስረዳቱን ትቶ ይቆጣል።

ሰኞ ጠዋት ይደወል ያሉት ግን በመጀመሪያው ጽሑፍዎ የለም፤ እዚያ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ አልደግመውም። የሚደውለው ማነው? የጥበቃ ሠራተኛው? ጸሐፊዋ፣ ያችው በሳተላይት መደወሏን የማታውቀው? ካልተነሣ ለማን ታመለክታለች? ፊርማውስ በየትኛው መዝገብ ላይ?

የጥገና ውል ረቂቅዎን ይላኩልኝ። የሰኞው ሙከራ የአቅራቢው ግዴታ ነው የሚል አንቀጽ ይግባበት፣ ያልተሞከረበት ሳምንት ከክፍያው ይቀነስ፣ ፈቃዱን በየጊዜው የማሳደሱ ኃላፊነት የማን እንደሆነ ይጻፍ። ዋጋውም በብር ይሁን።

መሐንዲሱ

በብር አልችልም። የቀረውን እልካለሁ።