ጀሪካን በጃኩዚ

አዲስ አበባ ላይ ቤቱን አሳድሶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስጎበኘው ጅብሰሙን ነው። እንግዳው ገና ጫማውን ሳያወልቅ አንገቱን ቀና ያደርግና «ኧረ ያምራል!» ይላል። ሦስት ደረጃ ያለው ኮርኒስ፣ በየደረጃው የተደበቀ ሰማያዊ መብራት፣ መሃል ላይ የተንጠለጠለ ክሪስታል። ቀጥሎ ቲቪው የተለጠፈበት እብነ በረድ መሳይ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ ከፋይ ሶፋ። ኮሪደሩ ጋ ሲደረስ ባለቤቱ እርምጃውን ያፈጥናል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ድንገት ገርበብ ብሎ ከተገኘ ግን ጉዱ ይወጣል፦ ነጩ ጃኩዚ ውስጥ ስምንት ቢጫ ጀሪካን ተኮልኩሎ ተቀምጧል።

ጃኩዚውን የመረጠው ስልክ ነው። የእድሳት ባለሙያ ፊት የሚቀርብ ደንበኛ ከሰላምታው ቀጥሎ ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ውስጥ ያለው ቤት ሽሮ ተንተክትኮበት አያውቅም፣ ዕጣን ጨሶበት አያውቅም፣ ለቅሶ ተቀምጠውበት አያውቁም። ፎቶው ውስጥ ሰው ራሱ የለም። አንድ ሎሚ የሞላ ሳህን አለ፤ በቃ። ደንበኛው «እንደዚህ አድርግልኝ» ይላል። ባለሙያውም ቀብድ ተቀብሎ እንደዚያ ያደርጋል። ሎሚውን ግን ደንበኛው ራሱ ነው የሚገዛው።

ከስልኩ በፊት ደብተር መውጣት ነበረበት። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። ለሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ መጻፍ ነው፦ ማን የት ተቀመጠ፣ ምን የት ተከመረ፣ ምን ጊዜ መብራት ጣለ። አንድ ሳምንት አይበቃም፤ የውሃው ፈረቃና የእንጀራው ቀን ሲገጣጠሙ የሚሆነውን ሳያሳይ ያልፋል። አንድ ገጽ ሲነበብ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል፦

«ረቡዕ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ መጣ። እማማ ተነስተው 11 ጀሪካን ሞሉ። ኮሪደር ተደረደረ። ጠዋት ልጁ አደናቅፎት ወደቀ። ረፋድ ላይ ምጣድ ተጣደ፤ ልብስ ማጠቢያው አብሮ ሲነሳ ብሬከሩ ጣለ። 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ቡና መጣ፣ አምስት ሰው፣ ሁሉም ሰርቪሱ በር ላይ። ሳሎን የገባ የለም። ማታ አባባ ዜና አዩ፤ ሶፋው ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ፣ ሶፋውን ተደግፈው።»

ለዚህ ቤተሰብ ባለ ሰባት ሰው ሶፋ መግዛት ማለት ለአባባ ጀርባ ውድ መደገፊያ መግዛት ማለት ነው።

ወደ ምጣዱ እንምጣ፤ እድሳቱ ሁሉ የሚፈርሰው እዚያ ነውና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ነው፤ ከኋላው የተጎተተው ሽቦም ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 30 እንጀራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሶኬቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአቅሙ ጫፍ ወይም ከዚያ በላይ ተሸክሞ ይቆያል፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ከምጣዱ መሰኪያ ጋር አብሮ ይቀልጣል። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ይጠራና ያንኑ ሶኬት በአዲስ ይቀይራል። በስድስት ወሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ደንበኛ ማለት እንዲህ ነው። መፍትሔው ግድግዳው ሳይለሰን ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር መጎተት ነው፦ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይጋራ። ግራውንድ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ደግሞ አይረሳ። «ይሄ ምጣድ ይነዝራል፣ ጫማ አድርጊ» የሚባልበት ቤት ምጣዱ ምንም አልሆነ ይሆናል፤ ሦስተኛውን ሽቦ ነው የቆጠቡት። ኮርኒሱ ላይ ግን 40 ሜትር ሰማያዊ መብራት አለ።

ቁመቱም ጣጣ አለው። በፎቶው መሠረት የተሠራ የኩሽና ባንኮኒ 60 ሳንቲም ስፋት፣ 90 ሳንቲም ቁመት አለው። ምጣዱ ከነቆርቆሮው ከ60 ስለሚያልፍ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። 90 ሳንቲም ላይ የተጣደ ምጣድ ላይ ሊጥ ዞር እያሉ ማፍሰስ ደግሞ ትከሻ ይበላል፤ 70 ሳንቲም አካባቢ ሲሆን ነው እጅ እንደልቡ የሚዞረው። ከሁሉ የሚብሰው ከላይ ያለው ነው። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ ከባንኮኒው 60 ሳንቲም ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የኤምዲኤፍ ካቢኔት ሆድ ይመታል። ኤምዲኤፍ ተፈጭቶ የተጣበቀ እንጨት ነው፤ እንፋሎት ሲጠጣ ውሃ እንደነካው ዳቦ ያብጥና ማጣበቂያው ይለቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። አናጺው ተጠርቶ ይወቀሳል። አናጺው የሚጠየቀው ምጣዱ የት እንደሚጣድ ሳይጠይቅ ስለሰቀለ ብቻ ነው፤ የነገረውም ሰው የለ።

ኦፕን ኪችን የሚባለው፣ ከሳሎን በግድግዳ ያልተለየ ኩሽና፣ ወሬው እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

«ማዘር፣ ይሄ ግድግዳ ይውደቅ። አሁን ሞዱ ኦፕን ኪችን ነው።»

«ሽታውስ፣ ልጄ?»

«ሁድ እንገጥማለና! ይመጠዋል።»

ሁዱ ይገጠማል። ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቧንቧ ግን የለውም፤ ግድግዳ መብሳት ያለበት ሰው ጅብሰም ላይ ነው። ቧንቧ የሌለው ሁድ የቁሌቱን ጭስ ከታች ስቦ፣ በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ፣ ከላይ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። የወጡን ሽታ አንድ ዙር አስጎብኝቶ አመጣው ማለት ነው። ለበዓል ዶሮ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ የሚወጣውን ይህ ማጣሪያ አይችለውም፤ የሚችለው ከፋይ ሶፋው ነው። ከፋይ ሽታ ሲይዝ አይለቅም፤ ፋሲካ ላይ የገባበት ቅመም ሰኔ ላይ ይሸታል። የምር ሁድ የሚፈልግ ሰው 15 ሳንቲም አፍ ያለው ቧንቧ፣ በአጭር መንገድ፣ ቢበዛ በአንድ እጥፋት ወደ ውጭ ያስወጣለት። ግድግዳውን ከማፍረስ ደግሞ ተንሸራታች የመስታወት በር ማስገባት ይሻላል፤ ለቡና ይከፈታል፣ ለቁሌት ይዘጋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ምሶሶና ቢም አይነካም፤ ይህን መናገር አስፈላጊ መሆኑ ራሱ ያሳዝናል። አግሮስቶን ከሚባለው ቀላል ሰሌዳ የተሠራ ክፍልፋይ ደግሞ ማፍረሱ ቀላል ቢሆንም ሳህን የሞላ ካቢኔት ሊሸከም አይችልም፤ ሌሊት ላይ «ዷ!» ይላል፣ የሳህኑ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት ይወርዳል።

ውሃ። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቁጠባ 40 ሊትር በቀን ቢጠቀም 200 ሊትር ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያደርሳል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ የቀሩትን ሁለት ቀን ጃኩዚው ውስጥ ያሉት ጀሪካኖች በመጠኑ ይደጉማሉ፤ ለዚህ ነው እዚያ ያሉት። ጃኩዚው ሲወገድ የሚገኘው ቦታ ላይ መታጠቢያና የጀሪካን መደርደሪያ ይወጣል፤ 2,000 ሊትር ሮቶ ከተተከለ መደርደሪያውም አያስፈልግም። ብቻ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። በረንዳ ላይ አይጫንም፤ ከታች ያለው ጎረቤት ሰው ነው። ቁመቱም ይታሰብ፦ ሮቶው ከሻወሩ ራስ በሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው። ያ እንደ ዝናብ ይወርዳል የተባለለት ባለ 30 ሳንቲም ሻወር 1 ባር አካባቢ ይፈልጋል። ፓምፕ ካልተገጠመለት የሚወርደው የክረምት መውጫ ካፊያ ነው፤ ታጣቢው ከጠብታ ጠብታ እየተሯሯጠ ይለቀለቃል፣ መጨረሻ ላይ ጣሳ ይጠራል።

የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ውሃ መውረጃው በአንድ ሜትር እስከ 2 ሳንቲም መዝለቅ አለበት። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ አይዘልቅም፤ ትልቅ ስለሆነ በሁለት አቅጣጫ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ሠሪው ጠፍጣፋ ያደርገውና ውሃው በሩ ሥር ይተኛል። ባለ 30 ወይም ከዚያ ያነሰ፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። የመጨረሻው ክፍያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ማዕዘኑ ላይ መድፋትና ቆሞ ማየት ነው። ሠሪው «ይሄዳል ጋሼ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል» ካለ አይሄድም።

ሳሎን። ባለ ሰባት የተባለው ኤል ሶፋ የሚያስቀምጠው አምስት ነው። ማዕዘኑ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ከተቀመጠም ጉልበቱ ከጎረቤቱ ጉልበት ጋር ይጣላል። ማኅበር ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲመጣ ሰው የሚቀመጠው ግድግዳ ይዞ ዙሪያውን ነው። 4 በ5 በሆነ ሳሎን ሁለት ግድግዳ ተከትሎ፣ ማዕዘኑ ሳይቆጠር፣ 7 ሜትር መቀመጫ ቢሠራ፣ ለሰው 55 ሳንቲም ተይዞ 12 ሰው ይቀመጣል። የእንጨት ሳጥኑ 36 ሳንቲም፣ በላዩ 9 ሳንቲም ስፖንጅ፣ ጥልቀቱ 55። ክዳኑ ማጠፊያ ይግባለት፤ ውስጡ ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድ ብርድ ልብስና ፍራሽ ይይዛል። ይህንን የውጭ መጽሔት ላይ ሲያዩት ስም አውጥተውለት በውድ ዋጋ ይሸጡታል። አያቶቻችን መደብ ይሉት ነበር፤ እኛ በመዶሻ አፍርሰን ነው ሶፋውን ያስገባነው። የቆጡን አወርድ ብላ የተባለችው ሴት ቢያንስ መልሳ አልገዛችውም።

ለረከቦቱ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ቦታ፣ መስኮት ሥር። ወለሉ ሴራሚክ ይሁን፤ ላሚኔት ላይ አንድ የከሰል ፍንጣሪ ወድቃ የምትተወው ጥቁር ነጥብ እስከ ዕለተ ሞት አይለቅም። መስኮቱ ለጌጥ ተብሎ በብሎን የታሰረ እንዳይሆን፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ጅብሰሙንም ያጠቁረዋል፦ ከረከቦቱ በላይ ያለው ነጭ ኮርኒስ ውሎ አድሮ ሻይ በወተት ይመስላል፣ መብራቱ የተደበቀበት ስንጥቅም ዕጣንና አቧራ ይጠራቀምበታል። እዚያ ውስጥ የሚገባ መጥረጊያ አልተሠራም።

ግቢ ያለው ሰው አርቴፊሻል ሳር ሲያነጥፍ በጉን ያማክር። በዓል ዋዜማ የመጣው በግ ሳሩን ሁለቴ ይቀምሳል፣ ባለቤቱን በትዝብት ያየዋል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ያደርግበታል፤ ያ ደግሞ ከፕላስቲክ ሥር ገብቶ አይታጠብም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሻካራ ሲሚንቶ፣ መሃሉ ላይ ፍሳሽ ማስወገጃ፣ አጠገቡ ቧንቧ፣ ከላይ ቢሙ ሲሞላ ከብረቱ ጋር የታሰረ አንድ ወፍራም መንጠቆ። መንጠቆው የሚረሳበት ቤት በጉ የሚሰቀለው በረንዳው ጌጥ ላይ ነው፤ ጌጡ ከጅብሰም የተሠራ መሆኑ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ብዙ ወሬ አይፈልግም፦ ማፍረስ፣ ጣሪያ፣ ቧንቧና ሽቦ፣ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ካቢኔት። ችግሩ ጅብሰም ሠሪው ሁልጊዜ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ጣሪያው በጎማ ውሃ ተረጭቶበት ሳይፈተሽ ጅብሰም የተሰቀለበት ቤት ሐምሌ ሲገባ ኮርኒሱ ላይ የአፍሪካን ካርታ ያወጣል። ቧንቧው ተሞልቶ በግፊት አንድ ሌሊት ሳያድር መለሰን የለበትም። ከመለሰኑ በፊት ሜትር ተዘርግቶ እያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ ይነሳ፤ ስልኩ ለቁም ነገር የሚውለው እዚህ ላይ ነው። በኋላ ስዕል ለመስቀል ሚስማር ሲመታ ቧንቧው የት እንዳለ የሚናገር እሱ ብቻ ነው። አዲስ ልስን ሦስት አራት ሳምንት ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይነፋል፣ ይላላጣል። ሴራሚክ 10 በመቶ ጨምሮ፣ በሁሉም ካርቶን ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት የሆነ ይገዛ፤ ጎደለ ተብሎ በወሩ የሚገዛው «ያው ነው» ይባላል እንጂ ያው አይደለም።

በመጨረሻ የቤት ምረቃው ይመጣል። እንግዶቹ ጅብሰሙን አይተው «ያምራል» አሉ። ከፋዩ ሶፋ ላይ ጫፍ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ፤ ፕላስቲኩ ገና አልተነሳለትም፣ ይንኮሻኮሻል። ከኋላ በኩል የቡና ሽታ መጣ። አንዷ «ላግዛችሁ» ብላ ተነሳች። ሌላዋ «እኔም ልይ» ብላ ተከተለች። አባባ ስልክ ሊያናግሩ መስለው ወጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳሎኑ ውስጥ የቀረው ሰማያዊው መብራት ብቻ ነበር። ሰርቪሱ በር ላይ አራት በርጩማ አለ፤ አራቱም ተይዟል። ለአምስተኛው እንግዳ ልጁ ሮጦ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባና ከጃኩዚው አንድ ሙሉ ጀሪካን እየጎተተ አመጣለት።