«ባልሽን ጥሪልኝ» ተባልኩ

ይኸው ተማሪ የማመላልስባት ሃይኤሴ ዛሬም ቆመች። እዚያው ወንጂ ማዞሪያ፣ ያው ሰዓት፣ የአዳማ ፀሐይ አናት ሲበሳ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የተናደድኩት በመኪናዋ አይደለም፣ በጋራዡ ሰውዬ ነው።

የምታውቋት ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ቁልፍ ሲነካት ነው የምትነሳው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ፣ ሞተሩ በደንብ ሲግል፣ ድንገት ጭጭ ትላለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ጥላ ስር ቆማ ስትበርድ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ይቺን ነገር ለስንቱ ተናገርኩ! የመጀመሪያው «ባትሪ ነው» አለ። እንዴ፣ ሞተሪኖው እንዲያ እየዞረ ባትሪው ምን በደለ? አስገዛኝ። ቀጥሎ ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ የሚወጣበት። ቀጥሎ ፊልትሮ። ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ፣ ያውም «ኦርጅናል ነው» ተብሎ። በየጊዜው «አሁን አለቀላት» ይሉኛል፣ እኔ እከፍላለሁ፣ እሷ ትቆማለች። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ስጡኝ ስል «ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። በገንዘቤ የተቀየረ ዕቃ እኮ ነው!

ዛሬ ግን አንድ የባጃጅ ልጅ፣ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው፣ አጠገቤ አቁሞ ወረደ። የፊቱን ወንበር አነሳን (ሃይኤስ ሞተሯ ወንበር ስር ነው)። አንዱን ካንዴላ ፈታና ኬብሉ ላይ መልሶ ሰካው፤ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነክቶ «እስኪ አዙሪው» አለኝ። አዞርኩ። አንዲት ብልጭታ የለም። የካንዴላው ጫፍ ግን ርጥብ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ስትበርድ ያንኑ ደገምነው፤ ሰማያዊ እሳት ጧ ጧ አለ። በቃ! ቤንዚን ይደርሳል፣ ሲግል የሚጠፋው እሳቱ ነው። ለካንዴላው እሳት የሚሰጡት ቦቢናው ወይም ኢግናይተሩ ሲሞቅ ይቋረጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ያ ሁሉ ወር ማንም ያላደረገውን ልጁ መንገድ ዳር አደረገው።

ይህን ይዤ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። በአክብሮት፣ አንቱ እያልኩ።

«እሳት ነው የሚጠፋው። እባክዎ እንደጋለ ቦቢናውን ይለኩልኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«በዓይኔ አይቼ ነው።»

ሳቀ። ወደ ረዳቶቹ ዞሮ «ኢንጂነሯ መጥተዋል፣ ቦታ ልቀቁላቸው!» አላቸው። ልጆቹ ተንከተከቱ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እህቴ፣ ስለ ሞተር ከሴት ጋር አላወራም። ባልሽን ጥሪልኝ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! መኪናዋ በስሜ ናት፣ ሊብሬው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ብር ሲቀበል ባልሽን ጥሪ ብሎኝ ያውቃል?

እሱም አልበቃው፣ ሳይጠይቀኝ ባትሪውን ነቀለው። የእሷ ዘመን ቶዮታ ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ባትሪው ሲነቀል ይጠፋል። ማስረጃዬን ዓይኔ እያየ አጠፋብኝ! ስጮህ «ምን ኮድ? ይቺ አሮጌ ናት» አለ። ባለፈው ኮምፒውተር ይዞ የመጣውም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ መሰኪያ ፈልጎ አጣና «አትነበብም» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማሽኑ የሚሰካበት ባለ 16 እግር መሰኪያ አሜሪካ እንኳ ግዴታ የሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ነው፤ የእኔዋ የ1994 ናት። እሷ የምትነበበው በሽቦ ነው። «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ማገናኘት፣ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት፣ ከዚያ የሞተር መብራቱ ሲጠቅስ መቁጠር። አንዴ፣ ከዚያ አራቴ ከጠቀሰ 14 ነው፤ የእሳት ሲግናል ችግር ማለት ነው። ይህ የእጅ ሥራቸው እኮ ነው! አንዲት ቁራጭ ሽቦ ከፓምፕ ትወደዳለች?

«ሽጪያትና ኤሌክትሪክ ግዢ» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 መከልከሉን እኔም ሰምቻለሁ። ለኤሌክትሪኳ ብሩን ማን ይስጠኝ? የልጆቼ እንጀራ ያለው ይቺው ውስጥ ነው። የፍጥነት መንገዱ ላይ ብትሞትብኝስ ብዬ አዲስ አበባ መሄድ ከተውኩ ቆየሁ፤ እናቴን እንኳ የማያት እሷ ስትመጣ ነው። ቤንዚን ወረፋ ላይ ጠፍታብኝ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ሲያስጮህብኝ የዋልኩበትን ቀንማ አላነሳውም። ደክሞኛል፣ በእውነት ደክሞኛል።

አዳማ ውስጥ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዞ፣ እንደጋለች ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ ግዢ የሚል የመኪና ኤሌክትሪሺያን የምታውቁ በእናታችሁ ጻፉልኝ። ያ ጋራዥ ግን እግሬ አይረግጠውም። ወላጆች፣ ነገ ልጆቹን የምወስደው በባጃጅ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በር ላይ አውጥታችሁ ጠብቁኝ።