የደራሲን ልጅነት ማወቅ ሐሜት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የመጻሕፍት ውይይት ላይ አንድ ሐያሲ የተናገሩት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የደራሲን አስተዳደግ መመርመር ሐሜት ነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ራሱን ችሎ ይቆማል አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ምክንያታቸው ደግሞ ይባስ። በችግር ያደገ ልጅ ሁሉ ደራሲ ስላልሆነ ልጅነት ምንም አይፈጥርም!

ይሄ ክርክር ነው? ያጨሰ ሁሉ አልታመመምና ሲጋራ አይጎዳም እንደ ማለት ነው። ልጅነት ብቻውን ደራሲ ያደርጋል ያለ ሰው የለም። ደራሲ የሆነው ሰው ግን ምን እንደሚፈራ፣ ለማን እንደሚያደላ፣ ምን እንደማይለቀው የሚወሰነው እዚያ ነው።

እንግሊዛዊውን ደራሲ ቻርልስ ዲከንስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት ለንደን በነበረው ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገባ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበር። የጫማ ቀለም ማምረቻ ውስጥ ተቀጠረ። የቀለሙን ዕቃ አፍ በወረቀት ይሸፍናል፣ በሲባጎ ያስራል፣ የወረቀቱን ጠርዝ ይከረክማል፣ የቀለሙን ስም የያዘ ወረቀት ይለጥፍበታል። ቀኑን ሙሉ ይሄው ነው። ሲባጎ አስተሳሰሩን ያሳየው ቦብ ፌጊን የሚባል ልጅ ነው። አንድ ቀን ዲከንስን ጎኑን ሲያመው፣ ቦብ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ እየሞላ ጎኑ ላይ ሲያደርግለት ዋለ። ማታ ደግሞ ካላደረስኩህ አለው። ዲከንስ አባቴ እስር ቤት ነው ማለት አፈረ። የማያውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቤቴ ይሄ ነው ብሎ ተሰናበተው። ቦብ ዞር ብሎ ቢያይስ? በሩን አንኳኳ። ሴትዮዋ ስትከፍት የፌጊን ቤት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

ይሄው ልጅ አድጎ ኦሊቨር ትዊስት የተሰኘውን ልቦለድ ሲጽፍ፣ ሕፃናትን ሌብነት የሚያስተምረውን ክፉ ሰውዬ ማን አለው? ፌጊን! የደጉን ልጅ ስም ለክፉው ሰጠ። ለኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቦብ ደግነት ከዚያ ቦታ ጋር የሚያላምድ ደግነት ነበር፤ ዲከንስ ደግሞ ከምንም በላይ የፈራው እዚያው መቅረትን ነው። ለንደን ርቦት የገባውን ኦሊቨርን የሚያበላውም የሚያስቀውም ያው ሌባው ፌጊን ነው። የቦብን ታሪክ ሳያውቅ ይሄን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ግማሹን ነው የሚያነበው።

ዲከንስ ነገሩን ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ቢነግረውም ከአንባቢዎቹ ዕድሜ ልኩን ደበቀው። ሕዝብ ያወቀው እሱ በ1870 ከሞተ በኋላ፣ ፎርስተር ሲጽፈው ነው። ሐያሲው ሐሜት የሚሉት ይሄንን ነው?

በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረውን የፕራግ ደራሲ ፍራንዝ ካፍካንም ልጨምርላቸው። ሕፃን ሳለ አንድ ሌሊት ውሃ ስጡኝ እያለ ሲነጫነጭ፣ አባቱ ከአልጋው አንሥቶ በሌሊት ልብሱ ሰገነት ላይ አወጣውና በሩን ዘጋበት። ይሄን የነገረን ሐሜተኛ አይደለም፤ ራሱ በ1919 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ነው ያሰፈረው። አንድ ሰው ጠዋት ገና ከአልጋው ሳይነሣ፣ ጥፋቱ ሳይነገረው የሚያዝበትን ልቦለድም የጻፈው እሱ ነው።

ሐያሲው ከነዚህ ሁለት ልጆች አንዱን ከመጽሐፉ ያውጡና የሚተርፈውን በሚቀጥለው መድረክ ያሳዩን።