ፈረስ የሌለው የፈረስ ስም

ወሎ ላይ ስም አውጪ አይጠፋም። እናት አንድ ትላለች፣ አያት ሌላ ትላለች፣ ሼሁ ወይም ቄሱ ሦስተኛውን ይጨምራሉ፤ ሙሽራይቱም አማቶቿ ቤት ስትገባ እንደገና ትሰየማለች። ንጉሥ ሚካኤል እንኳ «አባ ሻንቆ» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ዛሬ ደሴ ፒያሳ የተቀመጠ ጎረምሳ አቦሉ ሳይወርድ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ራሱን «አባ ነበልባል» ብሎ ይሾማል። ፈረስ የለውም፤ ያለው የኢንተርኔት ጥቅል ነው፣ እሱም ማታ ያልቃል።

ጭምቱ ሰው ግን በገዛ ስሙ ነው የሚጀምረው። ሰይድን እንውሰድ። ቴሌግራም ላይ ከፎቶው ሥር የሚታየው ስም ችግር የለበትም፤ በራሳችን ፊደል ቢጻፍም፣ አበባና ልብ ቢደረደርበትም ዝም ይላል። ጣጣው ሰው ፈልጎ የሚያገኝህ ያ ባለ «አት» ምልክቱ ስም ነው። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በቁጥር አይጀምርም፤ ከ5 አያንስም፣ ከ32 አይበልጥም። «ሰይድ» በላቲን አራት ፊደል ነውና ይመለሳል። («አሊ» የተባለማ ሦስት ብቻ ስለሆነ ከደጅ ነው የሚመለሰው።) ባለ አራት ፊደሎቹ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ሰይድ ደግሞ አባቱ በነጻ ያወጡለትን ስም በጨረታ ለመግዛት በሬ አይሸጥም።

ስለዚህ አንድ ፊደል ይጨምራል፤ ተይዟል። የአባቱን «አህመድ» ይቀጥላል፤ ተይዟል። ሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ «ሰይድ አህመድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱ ዞር እንደሚልለት ስለሚያውቅ ይሄ አይገርመውም። ከተማውን ይጨምራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ ደሴ በላቲን ሲጻፍ ኤስ አንድ ነው ሁለት? መጨረሻው ላይ አይ ይገባል አይገባም? ሁሉም እንደ መሰለው ይጽፋል። ጅዳ ያለችው አክስቱ በኤስ ብዛት ተሳስታ ሌላ ሰይድ ታገኛለች፣ የዓመት ናፍቆቷንም ለሱ ትዘረግፋለች። ያኛውም ሰይድ ወሎዬ ነውና ሰው አያሳፍርም፤ «አብሽሪ አክስቴ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ይላታል።

የቸገረው የልደት ዓመቱን ይለጥፋል፤ 92፣ በኛ አቆጣጠር። ውጭ አገር ያለው ሰው በፈረንጅ ሲያነበው 7 ወይም 8 ዓመት ይቆልልበታል፤ ጺሙን ገና በመስታወት የሚፈልገው ልጅ «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

ከራሳቸው ስም የሸሹትን ስታይ፣ ያላቸውን የሚጽፉ ጥቂት ናቸው፤ ሰዉ የሚጽፈው ያጣውን ነው። «ዝምተኛው» ማለት ከጠዋት እስከ ማታ አስተያየት የሚሰጠው ነው። «አቦል ጀባ» ሻይ ጠጪ ነው። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ዱሮ ተይዘው አልቀዋል፤ «አምባሰል» የተባለውም ተራራውን ያየው በሚኒባስ መስኮት ነው፣ ያውም ከእንቅልፉ ነቅቶ ከሆነ።

አፍቃሪ ከሆንክ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ተጠንቀቅ። ስም አንዴ ከቀየርክ 60 ቀን ሳይሞላ መልሰህ አትቀይርም። «የሰሚራ ብቻ» ብለህ ተሰይመህ ልክ ሦስት ሳምንት ሲሞላህ ብትጣሉ፣ ቀሪውን 39 ቀን የሰሚራ ብቻ ሆነህ ትከርማለህ። ሰሚራ ግን ስሟን አልነካችም፤ ሴት ቀድማ ታስባለች።

ነጋዴ ስሙን ባይነካካ ይሻለዋል። ኮምቦልቻ ላይ ጫማ የሚሸጥ ሰው የቴሌግራም ስሙን በፌስታሉ ሁሉ አሳትሞ ሲያበቃ «ይሄኛው ያምራል» ብሎ ከቀየረ፣ በድሮው ስም የሚመጣ ደንበኛ አያገኘውም። የለቀቀውን ስም ሌላ ጫማ ሻጭ ካነሳው ደግሞ ፌስታሉ የሚያስተዋውቀው ባላንጣውን ነው።

ገንዘብ ያለበት ቦታ ስም አያዋጣም። «ልዑል ዘወሎ» የተባለ ሰው የካርድ ሲለምንህ በቴሌብር ልላክ ብትል፣ ስልኩን እንዳስገባህ የተመዘገበው ስም ብቅ ይላል፤ ሰይድ ገብሬ ይማም። በአንድ ሰው ስም ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበትን ይሄን የመሰለ ስም ትቶ ልዑል መሆን ምን ይሉታል?

ሁሉም የሚጋለጠው ግን ቅሬ ላይ፣ ማለትም በወሎ እድር ላይ ነው። የቅሬው መልእክት ወደ ቴሌግራም ከዞረ ወዲህ፣ ማለዳ ላይ «ብላክ ታይገር» የሚባል አባል «አያቴ ሌሊት አረፉ፣ ቀብር ከዙህር በኋላ ነው» ብሎ ይጽፋል። ድንኳኑ ወዴት ይሂድ? ወጣቶቹ ሸክሙን ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገድ መሐል ቆመዋል። የቅሬው ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ይጽፋሉ፦

«ልጄ፣ አላህ ይማራቸው። ነብሩን ተወውና የማን ልጅ ነህ?»

«የይማም ነኝ ሐጂ።»

«የትኛው ይማም?»

«ወፍጮው ጋ ያለው።»

«ከወፍጮው በላይ ነው በታች?»

ልጁ ለቅሶ ላይ ነውና መልሱ ይዘገያል። እስከዚያው አራት ሰው «ነፍስ ይማር»፣ ሦስት ሰው «አላህ ያጽናችሁ» ይጽፋል፤ ከነሱ አንዱ «ሳቅ በሳቅ» የሚባል ነው። ድንኳኑም ከወፍጮው በላይ ደርሶ፣ ደህና ቁርሳቸውን የሚበሉ ሽማግሌ በር ላይ ይራገፋል።

ሐጂ በበነጋው ደንብ ያወጣሉ፤ የቅሬ አባል ሁሉ ስሙን ከነአባቱ ይጻፍ፣ ሰፈሩንም በቅንፍ ያስገባ። አብዛኛው ይታዘዛል። ልጁም ይታዘዛል፣ በራሱ መንገድ፦ «ብላክ ታይገር ይማም (ከወፍጮ በታች)»።