ለቀስተኛ ሁሉ ጭፍን አይደለም

የማይክል ጃክሰንን ሞት ተከትሎ የተሰማውን የሕዝብ ስሜት የሚቃኝ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጽሑፉ ያዘኑትን «ጭፍን አድናቂ»፣ የወቀሱትን «ጨካኝ» ብሎ በሁለት ጎራ መክፈሉ አላሳመነኝም። ዘፋኙ ሰኔ 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ ሲያርፍ፣ በ77ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ የነበሩ አንዲት የደሴ ጎረቤታችን «ለተራበ ያዘነ ነውና ነፍሱን ይማር» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደዋሉ አስታውሳለሁ፤ ከሊዮኔል ሪቺ ጋር ለረሃብተኞች መርጃ የጻፈውን ዘፈን ግን (ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም) አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም ነበር። እኒህን እናት ከየትኛው ጎራ እንመድባቸው?

ይህን ስል በሕፃናት ላይ ጥቃት ፈጽሟል በሚል የቀረበበት ክስ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ከሁሉም ክሶች በነፃ አሰናብቶታል፤ ሆኖም ከሞተ በኋላም በአደባባይ ወጥተው በደል ደርሶብናል ያሉ ሰዎች አሉ፣ እነርሱንም በሐዘን ስም ዝም ማሰኘት ተገቢ አይመስለኝም። በወሎ የቅሬ (የዕድር) አባል የተጣላውን ሰው ሳይቀር ይቀብራል፤ ቀብር በመውጣቱ ግን ጠቡ ተፈታ የሚል የለም፣ ጉዳዩ በሽማግሌ ፊት በጊዜው ይታያል።

ጽሑፉ የአሟሟቱን ምክንያት በአንድ ሐረግ ማለፉም ቅር አሰኝቶኛል። ለሞት ያበቃው ፕሮፖፎል የተባለ ማደንዘዣ መሆኑ ሳይረጋገጥ ስንት ቀልድና ወሬ ተነዛ! መድኃኒቱን የሰጠው ሐኪሙ በ2004 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲባል ግን ያ ሁሉ ተናጋሪ ዝም ብሏል።